በክረምት መንገድ ላይ ያለ ቤተሰብ



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በደብረ ዘይት ተቀምጦ ስለሚመጣው መከራ ለደቀ መዛሙርቱ ሲያስተምር፣ ከታላላቁ ነገር መካከል ትንሽ የምትመስል አንዲት ማሳሰቢያ ሰጥቷል። ይኸውም የሚሰደዱበት ጊዜ ክረምት ላይ እንዳይውልባቸው እግዚአብሔርን እንዲለምኑ ማዘዙ ነው (ማቴ. 24፥20፤ ማር. 13፥18)። ስለ ጦርነት፣ ስለ ረኃብና ስለ ምድር መናወጥ በሚናገር ትምህርት ውስጥ የዝናብና የብርድ ነገር ምን ቦታ አለው? ያሰኛል።

ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ግን ጌታችን መከራን በጅምላ የማያይ መሆኑን እንረዳለን። ከዚህ ማሳሰቢያ አስቀድሞ ስለ እርጉዞችና ስለሚያጠቡ እናቶች አዝኗል፤ ቀጥሎም ስለ መንገዱ ሁኔታ ያስባል። በፍልስጥኤም ምድር ክረምት የብርድና የዝናብ ወራት ነው። በበጋ ደረቅ ሆኖ የከረመው ሸለቆ በጎርፍ ይሞላል፤ እግረኛ መሻገሪያ ያጣል። ወሩ ከእኛ ሰኔና ሐምሌ ጋር ባይገጥምም፣ ጭቃውና ብርዱ ግን አንድ ነው። ጌታም ይህን የተናገረው መንገድን ስለሚያውቅ ነው፤ ሕፃን ሳለ በእናቱ ክንድ ተይዞ ወደ ግብፅ ተሰዷልና።

እኛ ብዙ ጊዜ በጸሎታችን «ስለ ስደተኞች» ብለን በአንድ ቃል እናልፋለን። ጌታችን የሚያስተምረን ጸሎት ግን ወሩን፣ ጭቃውንና የምታጠባውን እናት ለይቶ የሚያስብ ጸሎት ነው። ለይቶ የሚያስብ ጸሎት ደግሞ እጅን ለሥራ ያስነሣል፤ በጅምላ የሚጸለይ ግን ብዙ ጊዜ በአሜን ብቻ ያበቃል።

የመክረም ጸጋ

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ቅርብ ነው። በቋንቋችን «ከረመ» ስንል ቆየ፣ ሰነበተ ማለታችን ነው፤ ቃሉ ግን ከክረምት ጋር የተዛመደ ነው፤ ክረምትን በአንድ ስፍራ አሳለፈ ማለት ነው። አባቶቻችን በበጋ ይነግዱ፣ ይዘምቱ፣ ገዳማትን ይሳለሙ ነበር። ሰኔ ሲገባ ግን ነጋዴውም ወታደሩም ወደ መክረሚያው ይሰበሰባል። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የነገሥታቱ መቀመጫ አብዛኛውን ጊዜ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ነበር፤ ይህም ሁሉ ሠራዊት ቢሆን ዝናብ ሲበረታ የሚያርፍበት መክረሚያ ይፈልግ ነበር። መስከረም ሲጠባ «እንዴት ከረማችሁ?» ብለን የምንጠያየቀውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ክረምቱን በጤና፣ ከቤተሰባችሁ ጋር፣ በጣራችሁ ሥር አሳለፋችሁን? ማለታችን ነው።

እንግዲህ በክረምት ከቤቱ የሚነሣ ሰው የሚያጣው ቤቱን ብቻ አይደለም። ሁሉም ሰው በሚከርምበት ወራት እርሱ መክረሚያ የሌለው ይሆናል። ገበሬ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ የዘራውን ሳያርምና ሳይኮተኩት ትቶ ስለሚሄድ፣ የዚያን ክረምት ዕረፍት ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን ዓመት እንጀራም ያጣል።

ይህ በሩቅ አገር የሆነ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ማይጠብሪ፣ ወደ አዲአርቃይና ወደ ዛሪማ አካባቢ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ የቻለውን ተሸክሞ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ወጥቷል። በማይጠብሪ አቅራቢያ በነበሩት በማይ ዓይኒና በአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች ይኖሩ ከነበሩት ኤርትራውያን ስደተኞች መካከልም ብዙዎቹ ከዚያው ዓመት ጀምሮ በዳባት አጠገብ ወደተዘጋጀው አለምዋጭ መጠለያ ተዛውረዋል፤ አንድ ጊዜ የተሰደዱት ሁለተኛ ተሰደዱ ማለት ነው። ከእነርሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም. ገደማ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪ፣ ከ400 የሚበልጥ አባወራ፣ ለፓርኩ ደኅንነት ሲባል ወደ ደባርቅ ከተማ ዳርቻ እንዲሰፍር ተደርጓል። ምክንያቱ በየጊዜው ይለያያል፤ ከኖሩበት ነቅሎ ዕቃን መጫን ግን ያው አንዱ ነው።

ከዛሪማ የሚነሣ አንድ ቤተሰብ

እስቲ አንድ ቤተሰብ በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። ወሩ ሐምሌ ነው። ቤቱ ዛሪማ ነው፤ ወደ ተከዜ የሚወርደው የዛሪማ ወንዝ ሞልቶ ድምፁ ሌሊቱን ሁሉ ይሰማል። አባት፣ እናት፣ አያት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት ድመት አሉ። የሚሄዱት ጎንደር ከተማ ወደሚኖር ዘመዳቸው ነው። መኪናው አይሱዙ ነው፤ በላዩ ላይ ሸራ ተወጥሯል። አያቲቱ ጋቢና ተቀመጡ፤ ሌላው ከዕቃው ጋር ከኋላ ነው። ምጣዱ፣ ድስቱ፣ ጀሪካኑ፣ ቁርበቱ፣ የዘር እህል የያዘው ስልቻ፣ የልጆቹ ደብተር ተጫነ። እናቲቱ የጸሎት መጽሐፍና የልጆቹን የጥምቀት ምስክር ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ በጉያዋ ያዘች።

ስለ ድመቲቱ ክርክር ተነሣ። አባት፣ «ድመት የቤት ናት እንጂ የሰው አይደለችም፤ ትቅር፤ ለእኛም ቦታ ጠቦናል» አለ። ትንሺቱ ልጅ ግን ድመቲቱን በቅርጫት አስገብታ በነጠላ ሸፍና ታቅፋ ተቀመጠች፤ አልወርድም አለች።

ከዛሪማ ቆላ ተነሥቶ ሊማሊሞን መውጣት ለማንም ቀላል አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በገደሉ ወገብ ላይ የተቀደደው ይህ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ደባርቅ ይወጣል። በክረምት ጉም ወርዶ ፊት ለፊት ያለውን ያሳጣል፤ ከላይ ናዳ ይወርዳል፤ አንድ መኪና ከተያዘ ከኋላው ያለው ሁሉ ያድራል። በቆላ ልብስ የተነሣ ሰው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ደባርቅ ሲደርስ ብርዱ አጥንቱን ይሰብረዋል። ከዚያም ገና ወደ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በዚህ ሁሉ መንገድ ከቅርጫቱ ውስጥ ድመቲቱ ትጮኻለች፤ ልጅቱም ጣቷን በቅርጫቱ ቀዳዳ አስገብታ ታባብላታለች።

አንዳንዱ ሰው፣ «ሰው መጠጊያ ባጣበት ጊዜ ስለ ድመት ማውራት ምንድር ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የቤተ ክርስቲያንም ትምህርት መልስ አለው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረት ስለሆኑ ደግነት እንደሚገባቸው፣ ያለ ምክንያትም ማሠቃየታቸው የሰውን ክብር እንደሚቃረን ያስተምራል። በዚያው ስፍራ ደግሞ ለሰው ችግር መዋል ያለበትን ገንዘብ በእንስሳት ላይ ማባከን እንደማይገባ ያሳስባል። ስለሆነም ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ይቀድማል፤ ሰው በመቅደሙ ግን ሌላው ፍጥረት አይናቅም። በዚያ መኪና ላይ ለአያቲቱ የሚሆን ቦታ በድመት ተይዞ ቢሆን ኖሮ አባትየው እውነት ነበረው። ቅርጫቱ ግን የተቀመጠው በልጅቱ ጭን ላይ ነው፤ የማንንም ቦታ አልወሰደም።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን የመሰለውን ነገር አይንቅም። በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ለረጅም ጉዞ ሲነሣ ውሻው ተከትሎት እንደሄደ ተጽፏል፤ ሲመለስም ውሻው አብሮ መጣ። ውሻው ምንም ተአምር አልሠራም፤ ጸሐፊው ግን ሳይጠቅሰው አላለፈም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሲገሥጽ ያቀረበለት ምሳሌ፣ ከድኻው ልጆች ጋር ስላደገችና ከቍራሹ ስለምትካፈል አንዲት በግ ነው። በዮናስ መጽሐፍ መጨረሻም እግዚአብሔር ለነነዌ የራራበትን ምክንያት ሲገልጽ ከሰዎቿ ጋር እንስሶቿን ጭምር ቆጥሯል። ድመትስ? ድመት በባሮክ መጽሐፍ ምዕራፍ 6 ላይ በጣዖታት ራስ ላይ ከወፎች ጋር የምትቀመጥ ሆና ተጠቅሳለች፤ ጣዖቱ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ድመት እንኳ ከራሱ ላይ ማባረር የማይችል መሆኑን ታሳያለች። ትንሿ ፍጥረት ሐሰተኛውን ጌታ ስታጋልጥ ማየት ደስ ያሰኛል።

ደግሞም ልጅቱ ሳታውቀው ለቤተሰቡ ጠቃሚ ነገር አድርጋለች። በስልቻው ያለው እህል ለሚመጣው ዓመት የተቀመጠ ዘር ነው። በተከራዩት ጠባብ ቤት አይጥ ቢገባበት የዚያ ቤተሰብ ተስፋ በአንድ ወር ያልቃል። ድመቲቱ የዘሩ ጠባቂ ናት። ቤት ሲበተን የማይረባ የሚመስለን ነገር ብዙ ጊዜ ቤቱ ተመልሶ የሚቆምበት ነገር ይሆናል። ስለዚህ የተፈናቀለን ሰው ዕቃ አይተን፣ «ይህን ለምን ይዞ መጣ?» ብለን አንፍረድ። ምን ትቶ እንደመጣ አናውቅምና።

ከድመቲቱ የምንማረው

አባትየው፣ ድመት የቤት ናት እንጂ የሰው አይደለችም ያለው በአንድ በኩል እውነት አለው። ድመት አገሯን የምታውቀው በሽታና በማዕዘን ነው፤ አዲስ ቤት ስትገባ ከአልጋ ሥር ትገባለች፤ አትበላም፤ በር ከተከፈተ ወደ ድሮው ቤቷ ለመመለስ ትወጣለችና ትጠፋለች። ድመት ያሳደጉ ሁሉ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ። ጥቂት ቀን በር ይዘጋባታል፤ ወተቷ በአንድ ቦታ ይቀመጥላታል፤ የምትተኛበት አሮጌ ጨርቅ አይታጠብም፤ ማንም በግድ ከአልጋው ሥር አይጎትታትም። አንድ ቀን ራሷ ወጥታ በምድጃው አጠገብ ትተኛለች።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ! ይህን ልብ በሉ። ለድመት የምናሳየውን ትዕግሥት ለሰው ልጅ ብዙ ጊዜ እንነፍጋለን። ከዛሪማ የመጣው ልጅ በመጀመሪያው እሑድ በክፍሉ ውስጥ ዝም ሲል ሰነፍ እንለዋለን። የመጣችው እናት በማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ ወር ሙሉ ካልተናገረች ኩሩ ናት እንላለን። አንዳንዱም ገና ሳይቀመጥ ታሪኩን እንዲነግረን፣ ያየውን መከራ በጉባኤ እንዲመሰክር እናስገድዳለን። ይህ በግድ ከአልጋ ሥር መጎተት ነው። አስቀድማችሁ መግቡ፤ የታወቀ ቦታ ስጡ፤ የሚያውቀውን መዝሙር አዘምሩ፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይናገራል።

ከዚህም ጋር አንድ ቃል እናስተውል። «ተፈናቃይ» የሚለው ቃል በሰው ላይ የደረሰውን ነገር ይናገራል እንጂ ማንነቱን አይናገርም። ከዓመታት በኋላም በዚህ ስም ብቻ የሚጠራ ሰው ካለ፣ ጥፋቱ የተቀባዩ ነው። እርሱ ስም አለው፤ የክርስትና ስምም አለው።

ቁስቋምና ወርኃ ጽጌ

ጎንደር ላለ ሰው ይህ ትምህርት በየቀኑ ከፊቱ አለ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ ያሠሩት ደብር ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ይባላል። ቁስቋም ቅድስት ቤተሰብ በግብፅ አገር በስደት የተቀመጡበት ስፍራ ስም ነው። ስለዚህ ጎንደሬው «ቁስቋም ወጣሁ» ባለ ቁጥር ሳያስተውለው የስደተኞችን መጠለያ ስም ይጠራል። በግእዝ ሥርዓታችንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን ወርኃ ጽጌ ይህንኑ ስደት እያሰብን እናሳልፋለን፤ በማግሥቱ ኅዳር 6 ቀን ቁስቋም ይከበራል።

በትውፊታችን ቅድስት ቤተሰብ ብቻቸውን አልተሰደዱም፤ ሰሎሜ አብራቸው ነበረች። ወንጌል ስሟን በዚህ ታሪክ ውስጥ ባያነሣም፣ አባቶቻችን ድንግል ማርያምን ያለ አጋዥ በዚያ መንገድ ላይ ማሰብ አልሆነላቸውም። ይህ ራሱ ትምህርት ነው። ሕፃኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቅፍ፣ ስንቁን የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ስደተኞች ባወጡት ሐዋርያዊ ድንጋጌ ወደ ግብፅ የተሰደደችው ቅድስት ቤተሰብ የስደተኛ ቤተሰብ ሁሉ ምሳሌና ጠባቂ መሆኗን አስተምረዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም ለስደተኞች የሚገባውን በአራት ሥራዎች አጠቃለውታል፤ መቀበል፣ መጠበቅ፣ ማሳደግና ከኅብረተሰቡ ጋር ማዋሐድ።

የእምነት አባቶቻችንም መንገደኞች ነበሩ። አባቶቻችን «አቡነ ያዕቆብ» ብለው የሚጠሩአቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስ እ.ኤ.አ. በ1854 በጎንደር ታስረው ከቆዩ በኋላ በሱዳን ጠረፍ በኩል ከአገር እንዲወጡ ተፈርዶባቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር መጨረሻ 1860 ያረፉትም በአልጋ ላይ ሳይሆን በጉዞ ላይ ሳሉ ነው። በጎጃም የተወለዱት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊት ጋር እየተጎተቱ እ.ኤ.አ. በ1855 በክረምት ወራት ሕይወታቸው አልፏል። እንግዲህ የዚህች ቤተ ክርስቲያን መሠረት የተጣለው መክረሚያ ባጡ ሰዎች ነው። እኛ ዛሬ ጣራ ያለን ልጆቻቸው መንገደኛን ብንንቅ አባቶቻችንን መናቃችን ነው።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ እንግዳ ማን እንደሆነ በትክክል እንወቅ። በምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት የሕግ መጽሐፍ መሠረት አንድ ምእመን ቢያንስ ሦስት ወር ለመቀመጥ አስቦ በአንድ ቁምስና ክልል ውስጥ መኖር ከጀመረ፣ ወይም ሳያስበው ሦስት ወር ከቆየ፣ በዚያ መኖሪያ እንዳለው ይቆጠራል፤ ቆሞሱም የእርሱ ቆሞስ ነው። ስለዚህ በሐምሌ መጥቶ እስከ ጥቅምት ለመቆየት ያሰበ ቤተሰብ በእኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ የቁምስናው ልጅ ነው። ሕፃኑ ለመጠመቅ፣ ሕመምተኛው ለመቀባት፣ የሞተው ለመቀበር የማንንም ችሮታ አይለምንም፤ መብቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ለመነሣት የምትዘጋጁ ቤተሰቦች የጥምቀት፣ የሜሮንና የተክሊል ምስክር ወረቀታችሁን ከቆሞሳችሁ ተቀብላችሁ ያዙ። ጊዜ ባይኖርና ሳትይዙ ብትወጡ ግን በዚህ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን አትራቁ፤ ጥምቀታችሁ የተጻፈው በመዝገብ ላይ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ቤት የምታከራዩ፣ መኪና ያላችሁ፣ እህል የምትሸጡ ምእመናን ሆይ! በክረምት የመጣን ሰው መክረሚያ አጣ ብሎ ኪራይ መጨመር፣ መንገዱ ተበላሸ ብሎ የጭነቱን ዋጋ ከልክ በላይ ማናር፣ ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ በዚህ ወቅት ኃጢአት ነው። ጌታችን በክረምት እንዳይሆንባቸው ጸልዩ ያለላቸውን ሰዎች ክረምቱን መክበሪያ ማድረግ ነውና። ተከራያችሁን ማስወጣት ካለባችሁም ቢያንስ መስከረም እስኪጠባ ታገሡ።

አራተኛ፣ መምህራን በየሰፈራችሁ አዲስ የመጡትን ቤተሰቦች በመጀመሪያው ሳምንት ጎብኙ። የምትወስዱት ነገር ቢያጥራችሁ እሳት የሚጫርበት ጥቂት ከሰልና አንድ ጀሪካን ውኃ ይበቃል። ከመስቀል በዓል በኋላም ሄዳችሁ፣ «እንዴት ከረማችሁ?» ብላችሁ ጠይቁአቸው፤ ከጠየቃችሁም ተቀምጣችሁ መልሱን ስሙ። መላዋ ቤተ ክርስቲያን የስደተኞችን ቀን የምታከብረው በመስከረም ወር፣ በመስቀል ሰሞን በሚውለው እሑድ መሆኑን አስታውሱ።

ጦርነቱ በስምምነት ካበቃ በኋላም በክልላችን ሰላም አልሰፈነም፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተነሣው ግጭት ዳግመኛ ብዙዎች ከቤታቸው ወጥተዋል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ላለፈው ብቻ አይደለም። በሚመጣው ክረምት ማን በመንገድ ላይ እንደሚሆን አናውቅም፤ እኛም ራሳችን ልንሆን እንችላለን።

ወደ ግብፅ የተሰደድህ ጌታ ሆይ! ዛሬ በሊማሊሞ ጉም ውስጥ ያሉትን አስብ። ሹፌሩን አንቃው፤ ናዳውን አቁመው። አያቲቱን ከብርድ፣ የምታጠባውን እናት ከረኃብ ጠብቅ። በስልቻ ያለውን ዘር፣ በጉያ ያለውን ወረቀት፣ በሕፃን ጭን ላይ ያለችውን ፍጥረትህን አትርሳ። ለእኛም ደጃችንን የምንከፍትበት ልብ ስጠን፤ መስከረም ሲጠባ ሁላችን በአንድነት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ከረምን ለማለት እንድንበቃ። በእናትህ በድንግል ማርያም፣ በጻድቁ በዮሴፍና በቅዱሳን አባቶቻችን አማላጅነት፤ አሜን።